የቆቦ ነጋዴ ገንዘብ በማን ዓይን ሥር ነው?

ከተፎካካሪ፣ ከሌባና ከመንግሥት የሚጠበቀው ምስጢር አንድ ዓይነት አይደለም

በወልድያና በአላማጣ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ቆቦ የቆላው ራያ የእህል፣ የአትክልትና የከብት ንግድ መናኸሪያ ናት። ማሽላና ጤፍ ከሜዳው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በቆቦ ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውኃ ከሚለማው መሬት፣ ግመልና ፍየል ደግሞ ከዞብል ተራራ ባሻገር ካለው ከአፋር ወገን ይመጣሉ። ዕቃው እንደ ድሮው በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል። ገንዘቡ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በመኪና መጓዙን እየቀነሰ በስልክ መምጣት ጀምሯል።

ለውጡ ለነጋዴው አንድ ትልቅ ጭንቀት አቃሎለታል። ብር በከረጢት ይዞ በሌሊት መንገድ መጓዝ ቀርቷል፣ ቢያንስ ቀንሷል። በምትኩ ሁለት አዳዲስ ጥያቄዎች መጥተዋል። ገንዘቤን ማን ያየዋል? ቢጠፋብኝስ ማንን እጠይቃለሁ? የዛሬው ጽሑፋችን እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይመለከታል። ጥያቄዎቹ የሕግ ባለሙያ ብቻ የሚነጋገርባቸው ይመስላሉ። ይሁን እንጂ መልሳቸው በኩንታል ዋጋ ላይ የሚታይ በመሆኑ የገበያ ጉዳዮች ናቸው።

ገንዘቡ ወደ ስልክ የገባበት መንገድ

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በይፋ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ባንኮችም የየራሳቸውን የሞባይል አገልግሎት ዘርግተዋል። ለቆላው ራያ ገበያ ወሳኝ የሆነው እነዚህ አገልግሎቶች ዘመናዊ ስልክና ኢንተርኔት የግድ የማይጠይቁ መሆናቸው ነው። የቴሌብርን *127# ወይም የንግድ ባንክን *889# በተራ የቁልፍ ስልክ በመጫን ገንዘብ መላክና መቀበል ይቻላል። ስለዚህም አገልግሎቱ ከከተማው ሱቅ አልፎ እስከ ሮቢት፣ ጎቢዬና ዋጃ ድረስ ለመዝለቅ አልተቸገረም።

ይሁን እንጂ ቴሌብር በተጀመረ በሁለት ወሩ አካባቢው በጦርነት ውስጥ ገባ። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆቦና አብዛኛው ሰሜን ወሎ ስልክ፣ መብራትና ባንክ አጥተው ቆይተዋል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳግም ሲነሳ ከተማዋ እንደገና እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ድረስ ተዘጋች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል።

የአካባቢው ነጋዴ ስለ ቴክኖሎጂ ያለውን አስተያየት የቀረጸው ይህ ተሞክሮ ነው። ባንኩ ሲዘጋና ስልኩ ሲጠፋ በሂሳብ ላይ ያለው ገንዘብ መኖሩ ቢታወቅም አይነካም። በጎተራ ያለው ማሽላና በበረት ያለው ከብት ግን በእጅ ነው፤ እሱም ካልተዘረፈ። ስለዚህም የቆቦ ነጋዴ ሀብቱን በአንድ ቦታ አያከማችም፤ የተወሰነውን በስልክ፣ የተወሰነውን በባንክ፣ የቀረውን በጥሬ ገንዘብ፣ በእህልና በከብት ያኖራል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚመለከት ኢንቨስተር ይህ ኋላ ቀርነት ሊመስለው ይችላል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ግን ስጋትን ማከፋፈል ይባላል።

በገበያው የሚሰሙት አስተያየቶች

በራያ ገበያዎች ስለ ስልክ ገንዘብ ወሬ ሲነሳ በአብዛኛው ሦስት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን የምደብቀው ነገር የለኝም፣ ማንም ቢያይ ምን ይጎዳኛል ይላል። ሁለተኛው ስልክ ላይ የገባ ገንዘብ ግብር ሰብሳቢው የቆጠረው ገንዘብ ነው ብሎ ይሰጋል። ሦስተኛው ደግሞ ወኪሉ የሰፈር ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ስለ ደህንነቱ አልጨነቅም የሚል ነው።

ሦስቱም አስተያየቶች መነሻ አላቸው። ጉድለታቸው አንድ ነው፤ ሦስት የተለያዩ ዓይኖችን አደባልቀው ማየታቸው። የነጋዴን ገንዘብ የተፎካካሪ ዓይን፣ የሌባ ዓይንና የመንግሥት ዓይን ያዩታል። ሦስቱ የሚያስከትሉት ጉዳት የተለያየ ሲሆን ሕግ የሚሰጠው ጥበቃም እንዲሁ የተለያየ ነው። በየተራ እንያቸው።

የተፎካካሪ ዓይን

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የቆቦ ሽንኩርት ሰብሳቢ ለአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴ 100 ኩንታል ሊያስረክብ ተስማማ እንበል። ቀብዱ በስልክ ገባለት። ሰብሳቢው ለገበሬው በጥሬ ብር ስለሚከፍል ወደ ወኪል ሱቅ ይሄዳል። ወኪሉ ማን ስንት እንዳወጣ ያውቃል። ነጋዴው መልእክቱን እንዲያነብለት ስልኩን ከሰጠው ደግሞ የላኪውን ስምና ቀሪ ሂሳቡን ጭምር ያያል። ወኪሉ በጎን እህል ወይም አትክልት የሚነግድ ከሆነ፣ ወይም ከደላላ ጋር የሚውል ከሆነ፣ ወሬው ከሰዓት በኋላ ማሳው ላይ ይደርሳል። ሻጮች የሰብሳቢውን ጥድፊያ አውቀው በኩንታል 100 ብር ቢጨምሩበት ኪሳራው 10,000 ብር ነው። የአገልግሎት ክፍያው ጥቂት ብር ነበር፤ እውነተኛው ወጪ ግን ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ገበሬው የአዲስ አበባን የዕለት ዋጋ ማወቁ ተገቢ ነው፤ ለገበያውም ጤና ነው። የገበያ ዋጋ ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት። የአንድ ነጋዴ ውል፣ የገዢው ማንነትና የቀሪ ሂሳቡ መጠን ግን የራሱ ናቸው። በምሥራቁ የሀገራችን ክፍል በሶማሌ ክልል የከብት ገበያዎች ገዢና ሻጭ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ምልክት የሚደራደሩት በዚሁ ምክንያት ነው። በዙሪያቸው የቆመው ሰው የከብቱን ዓይነት ያያል፤ የተቆረጠውን ዋጋ ግን ሁለቱ ብቻ ያውቁታል። ስልኩ ጨርቁን አንስቶታል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የምደብቀው የለኝም የሚለው ነጋዴ ከሌባና ከፖሊስ የሚደብቀው ላይኖረው ይችላል። ከተፎካካሪው የሚደብቀው የሌለው ነጋዴ ግን በገበያ ውስጥ የለም። የደላላማ ሙሉ ካፒታሉ ሌላው የማያውቀውን ማወቁ ነው።

የሌባ ዓይን

በስልክ ገንዘብ ላይ የሚፈጸመው ስርቆት በአብዛኛው የረቀቀ የኮምፒዩተር ዕውቀት አይጠይቅም። ሌባው የሚሰብረው ሰውን ነው። ሽልማት ደርሶዎታል፣ ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው፣ በስህተት የገባልዎትን ገንዘብ ይመልሱልኝ እያለ ይደውልና የምስጢር ቁጥሩን ከባለቤቱ አፍ ይቀበላል። በዕቃ ሽያጭ ላይ የሚዘወተረው ደግሞ ሐሰተኛ የክፍያ መልእክት ወይም የተቀነባበረ የደረሰኝ ምስል ነው። መኪናው ተጭኖ፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ሻጩ ሲጣደፍ ገንዘቡ ገብቷል የሚል መልእክት ይታየዋል። ዕቃው ከሄደ በኋላ ሂሳቡን ሲያይ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው።

ከዚህም የከፋ፣ ነገር ግን ብዙም የማይወራበት አደጋ አለ። እሱም ሲም ካርዱ በማን ስም ተመዘገበ የሚለው ነው። በብዙ የንግድ ቤቶች ገንዘብ የሚገባበት ስልክ በሠራተኛ፣ በእህት ልጅ ወይም በቀድሞ ሸሪክ ስም የወጣ ነው። መታወቂያ አልያዝኩም ነበር፣ ለጊዜው ነው ተብሎ የተጀመረ ነገር ለዓመታት ይቆያል። ስልኩ የጠፋ ዕለት ምትክ ሲም ማውጣት የሚችለው ግን ስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። ጠብ ቢነሳ፣ ሰውየው አካባቢውን ቢለቅ ወይም ቢሞት ባለገንዘቡ ገንዘቤ ነው የሚልበት ማስረጃ አይኖረውም። በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ በተበተነበት አካባቢ ይህ ተራ ግምት አይደለም።

የመንግሥት ዓይን

አሁን ብዙው ነጋዴ ወደሚፈራው ዓይን እንመጣለን። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 መሠረት ማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱ የመከበር መብት አለው። በስልክ የሚያደርገው ግንኙነትም በዚሁ አንቀጽ ተጠብቋል። መብቱ ግን ገደብ የሌለው አይደለም፤ በሕግ በተወሰኑ አስገዳጅ ሁኔታዎች ሊጠብ እንደሚችል አንቀጹ ራሱ ይናገራል። በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ለግብር ጉዳይ መረጃ የመጠየቅ ሥልጣን አለው፤ ባንክም ከዚህ አያመልጥም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት ዝርዝር መረጃን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዝዛል።

ስለዚህ የስልክ ገንዘብ አሻራ ይተዋል የሚለው ነጋዴ እውነት ብሏል። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ በሚወስደው እርምጃ ነው። ከግብር ዓይን ለመራቅ ሲል ሲሙን በሌላ ሰው ስም ያወጣል፤ ገንዘቡን በዘመድ ሂሳብ ያዞራል፤ ደረሰኙን ያጠፋል። በዚህም ከመንግሥት ዓይን መራቁ እርግጠኛ ባይሆንም ራሱን ለሌባውና ለተፎካካሪው አጋልጦ መስጠቱ ግን እርግጠኛ ነው። ገንዘቡ ሲወሰድበት የራሱ መሆኑን ለማስረዳት የሚያስፈልገው ወረቀት ቀድሞ የሸሸው ወረቀት ሆኖ ይገኛል።

ይህ ማለት የመንግሥት ዓይን አያሳስብም ማለት አይደለም። የንግድ ሂሳቡን የሚያየው ሹም ያየውን ለማን እንደሚያወራ፣ መረጃውን ለሌላ ጉዳይ እንዳይጠቀምበት ምን እንደሚከለክለው መጠየቅ የዜጋም የነጋዴም መብት ነው። የመረጃ ጥበቃ ሕግ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

አራተኛው ዓይን፣ አበዳሪው

ከሦስቱ ሌላ ነጋዴው ገና በውል ያላስተዋለው ዓይን መጥቷል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን ቴሌብር መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የተባሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶችን ጀምሯል። የዚህ ዓይነት ብድር ቤት ወይም መኪና ማስያዝ አይጠይቅም። ዋስትናው ደንበኛው በስልክ ገንዘብ የተጠቀመበት ታሪክ ነው። መያዣ ለሌለው ትንሽ ነጋዴ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በሌላ በኩል አሻራው ራሱ ሀብት ሆኗል ማለት ነው፤ ሲሙ በሌላ ሰው ስም የሆነ ነጋዴ የራሱን ታማኝነት ለሌላ ሰው እያጠራቀመለት ነው።

ይህ መንገድ አላግባብ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ጎረቤታችን ኬንያ አይታለች። ኤም ፔሳ በዚያ በ1999 ዓ.ም. ተጀመረ። የስልክ አበዳሪዎች በርክተው አንዳንዶቹ ብድር ያልመለሰን ሰው ለማሳፈር በስልኩ ውስጥ ላሉ ዘመዶቹና ወዳጆቹ እስከ መደወል ደረሱ። የሀገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግ የወጣው አገልግሎቱ ከተጀመረ ከ12 ዓመት በኋላ፣ የስልክ አበዳሪዎችን የሚቆጣጠረው የማዕከላዊ ባንኩ ደንብ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ነው። እኛ ዘንድ ከቴሌብር መጀመር እስከ መረጃ ጥበቃ አዋጁ ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት አልሞላም። ሕጉ በአንጻሩ ቶሎ ደርሷል፤ አፈጻጸሙ ግን የሚፈተነው ወደፊት ነው።

ሕጉ ምን ሰጠ?

የአዋጁን አስፈላጊነት ከሁሉ በላይ ያሳየው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጉዳይ ነው። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በባንኩ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ባንኩ ነገሩ ከውጭ የተሰነዘረ የኮምፒዩተር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ የተወሰደው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደሚጠጋ አስታወቀ። አብዛኛው ተመለሰ። ያልመለሱትን ደንበኞች ግን ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ለሕዝብ አወጣ፤ በየቅርንጫፉም ለጠፈ።

በዚህ ጊዜ የሕዝቡ አስተያየት ለሁለት ተከፈለ። ሌባ ሌባ ነው፣ ይለጠፍ ያለ ነበር። ለመሆኑ ባንክ ፍርድ ቤት ሳይወስን የደንበኛውን ፎቶ የመለጠፍ ሥልጣን ከየት አገኘ ያለም ነበር። የራያ ነጋዴ ሁለተኛውን ጥያቄ ቀለል አድርጎ ሊያልፈው አይገባም። ስሙ ሀብቱ በሆነበት ገበያ፣ ዱቤ በቃል በሚሰጥበት ቦታ፣ በስህተት የተለጠፈ ፎቶ ከተወሰደ ገንዘብ በላይ ይጎዳል። ገንዘብ ይመለሳል፤ ስም ለመመለስ ግን ዓመታት ይፈጃል።

በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጸደቀ። በአዋጁ መሠረት የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት የሚሰበስበው ለታወቀ ዓላማ መሆን አለበት፤ ከሚያስፈልገው በላይ መሰብሰብና ከዓላማው ውጭ መጠቀም አይችልም። ባለመረጃው ስለ እሱ ምን እንደተያዘ የማወቅና የተሳሳተውን የማስተካከል መብት አለው። መረጃ ያፈተለከበት ድርጅት በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በገንዘብ በኩል ያለውን አቤቱታ ደግሞ ነጋዴው በቅድሚያ ለባንኩ ወይም ለአገልግሎት ሰጪው፣ ካልተፈታም ለብሔራዊ ባንክ ማቅረብ ይችላል።

ከዚሁ ጋር የፋይዳ ነገር አለ። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ይህ መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይመዘግባል። ብሔራዊ ባንክም ባንኮች ደንበኛን በፋይዳ እንዲለዩ ደረጃ በደረጃ እያስገደደ መጥቷል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በሌላ ሰው ስም ሂሳብ መክፈት ይከብዳል። ጥንቃቄውም እንዲሁ ግልጽ ነው። የምስጢር ቁጥር ቢታወቅ ይለወጣል፤ ጣት ግን አይለወጥም። መታወቂያውን ለማሳተም ምስሉን በቴሌግራም ለፎቶ ኮፒ ቤት መላክ በየከተማው የተለመደ ሆኗል። ምስሉ ከታተመ በኋላ በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንደሚቀር የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

ሕጉ አዲስ አበባ ነው፤ ገበያው ቆቦ ነው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት የሚያጠበው ነጋዴው በእጁ የያዘው ማስረጃ ነው። ከላይ የተባለውን በአጭሩ ወደ ሥራ እንለውጠው።

አንደኛ፣ የንግድ ገንዘብ የሚገባበት ሲምና ሂሳብ በባለቤቱ ስም ይሁን። በሌላ ስም ያለ ካለ ሰላም ባለበት፣ ሰውየውም በቅርብ ባለበት ጊዜ ይዛወር።

ሁለተኛ፣ የምስጢር ቁጥር ለወኪልም፣ ለልጅም፣ ለጸሐፊም አይሰጥ። ማንበብ የሚቸግረው ነጋዴ መልእክቱን የሚያነብለት ከቤተሰቡ አንድ የታመነ ሰው ይምረጥ፤ ስልኩን ሱቅ ላይ አሳልፎ አይስጥ።

ሦስተኛ፣ መኪና ከመንቀሳቀሱ በፊት የሚታየው የተላከው መልእክት ወይም ምስል ሳይሆን የራስ ቀሪ ሂሳብ ይሁን። ኔትወርክ ከሌለ ዕቃው ይጠብቅ።

አራተኛ፣ ትልቅ ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ በንግድ ተፎካካሪው ከሆነ ወኪል ዘንድ አያውጣ። ከባንክ ማውጣት ወይም ማውጫውን በየቀኑ መከፋፈል ይሻላል።

አምስተኛ፣ ደረሰኝ ይቀመጥ። ግብርን ፈርቶ ደረሰኝ የሚቀድ ነጋዴ ገንዘቡ በሚጠፋበት ቀን የሚያሳየው አይኖረውም።

ለአገልግሎት ሰጪዎችና ለተቆጣጣሪዎችም አንድ ቃል አለን። የወኪሉ ሱቅ ደንበኛው ቁጥሩን የሚጫንበት የተከለለ ቦታ ይኑረው፤ ወኪሉ ያየውን የደንበኛ ጉዳይ ለሌላ ማውራቱ የሚያስጠይቅ መሆኑ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። አቤቱታ የሚቀርብበት መንገድም አዲስ አበባ መምጣትን የማይጠይቅ ይሁን። ለአንድ ሺህ ብር ክርክር ከቆቦ አዲስ አበባ የሚመላለስ ነጋዴ የለም፤ ገንዘቡን ትቶ ወደ ጥሬ ብሩ ይመለሳል።

በስልክ የሚዞር ገንዘብ እንዲበዛ የሚፈልግ ሁሉ ይህንን ወጪ ሊያስብበት ይገባል። ምስጢሩ ያልተጠበቀለት ነጋዴ የሚሰጋበትን ያህል በዋጋው ላይ ይጨምራል። ጭማሪውን በመጨረሻ የሚከፍለው አዲስ አበባ ላይ ሽንኩርት የሚገዛው ሸማች ነው።